25.02 ተጽፎ ለምን ቀይ ሆነ?

የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን (የጥያቄና መልስ ሰንሰለቱን) የከፈተው ሰው ጥያቄ አጭር ነበር። ሻፍት (ክብ የብረት ዘንግ) ይፈትሻል። ድሮዊንጉ (የሥራ ንድፉ) ዲያሜትሩን 25.00 ሚሊ ሜትር፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.02 ይላል። የላይኛው ወሰን 25.02፣ የታችኛው 24.98 መሆኑ ነው። ውጤቱን የጥራት ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገባ፤ ስክሪኑ ላይ 25.02 ብሎ አሳየው። ወሰኑም 25.02 ነው። መስመሩ ግን ቀይ ሆነ። ሳጥኑን ከፍቶ ሲያይ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር 25.0204 ሆኖ አገኘው። ሶፍትዌሩ ከወሰኑ ጋር ከማወዳደሩ በፊት ማጠጋጋት አልነበረበትም ወይ? ጥያቄው ይሄው ነው። ሎቱ (አብሮ የተመረተው የዕቃ ስብስብ) ታስሮ ቆሟል፣ ምርት ክፍሉ እየደወለ ያዋክበዋል።

ይህን ብቻ ብሎ ቢያቆም ክሩ በሦስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ስህተቱ የሶፍትዌሩ እንደሆነ እርግጠኛ መሆኑን ጨመረበት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አቧራ ያስነሳል።

መልስ 1 ጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥርና ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ። ስንት የአስርዮሽ ቤት ይታይ የሚለው የአቀራረብ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ የሚያወዳድረው የተቀመጠውን ነው። ስለዚህ ቀዩ መስመር ትክክል ነው፤ ጥፋት ካለም ሁለት ቤት ብቻ አሳይ ብሎ ያዘዘው ሰው ነው። መልስ 2 አመስግኖ፣ እነሱም ዘንድ በክብደት ልኬት ላይ ይኸው ግራ መጋባት እንደነበር ተናገረ። መልስ 3 ደግሞ በኤስኤፒ (የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) የጥራት ሞጁል የአስርዮሽ ቤቱ ብዛት የሚወሰነው የሚለካው ባህሪ መጀመሪያ ሲፈጠር እንደሆነ አከለ። ውጤት የሚያስገባው ሰው ባለቀ ነገር ላይ ነው የሚቀመጠው። እናም መጮህ ካለበት የፍተሻ ፕላኑን ባዘጋጀው ላይ ይጩህ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

መልስ 4 በሩን በርግዶ ገባ። 0.0004 ሚሊ ሜትር ግማሽ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) እንኳ አይሞላም። ይህን ይዞ ሎት ማሰር ሥራ አለማወቅ ነው ባይ ነው። ድሮዊንጉ ሁለት የአስርዮሽ ቤት ከሰጠ ልኬቱም በሁለት ቤት ይጠጋጋ፣ 25.02 ይሁን፣ ይለፍ። የሚቃወመው ሰው ማሽን አጠገብ ቆሞ አያውቅም አለና ሄደ። እርግጥ ሩቅ አልሄደም፤ ኋላ እንደምናየው ደጋግሞ ተመልሷል።

መልስ 5 ድምፁን ሳያነሳ አፍ አስያዘው። የአሜሪካው የድሮዊንግ ደረጃ ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። ወሰኖች ሁሉ ፍጹም ናቸው፤ ስንት የአስርዮሽ ቤት ተጻፈባቸው ሳይባል፣ ከኋላቸው ዜሮ እየተከተለ እንደሚቀጥል ተደርገው ይነበባሉ። 25.02 ማለት 25.0200000 ማለት ነው። 25.0204 ከዚያ ይበልጣል፤ በቃ። ድሮዊንጉ ይህን ደረጃ የሚከተል ከሆነ ማጠጋጋት የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀለት ይመስል ነበር። ግን መልስ 6 መጣች። የመድኃኒት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ እነሱ ዘንድ ሕጉ ተገልብጦ ነው ያለው። የአሜሪካው ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት ደረጃዎች መጽሐፍ) አጠቃላይ መመሪያ ውጤቱ መጀመሪያ ወሰኑ በተጻፈበት የአስርዮሽ ቤት ልክ እንዲጠጋጋ፣ ከዚያ እንዲወዳደር ያዛል። ምሳሌም ሰጠች። ወሰኑ ከ98.0 በመቶ የማያንስ ከሆነ፣ 97.96 የወጣለት ናሙና 98.0 ተብሎ ያልፋል። 97.92 ግን 97.9 ሆኖ ይወድቃል። ልክ 97.95 የመጣውስ? እሱም ወደ ላይ ይጠጋጋል፣ ያልፋል። ሶፍትዌራቸው ይህን ሳያደርግ ቢያወዳድር ኖሮ ጤነኛ ውጤት እየጣለ ይኖር ነበር።

መልስ 7 እዚህ የምናወራው ስለ ብረት እንጂ ስለ ኪኒን አይደለም ብሎ አመናጨቃት። ለመመናጨቁ ምክንያት አልነበረም። የመላሿ ነጥብ ሕጉ ከሙያ ሙያ ይለያያል የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ለጠያቂው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ነጥብ ነበር።

መልስ 8 ሁለቱን አስታረቀ። ኤኤስቲኤም ኢ29 የሚባለው ደረጃ የተጻፈው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። አንደኛው ፍጹም ዘዴ ነው፤ የተለካው ቁጥር እንዳለ ከወሰኑ ጋር ይወዳደራል። ሁለተኛው የማጠጋጋት ዘዴ ነው፤ መጀመሪያ ይጠጋጋል፣ ከዚያ ይወዳደራል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። የትኛው እንደሚሠራ ግን ከልኬቱ በፊት ተጽፎ መገኘት አለበት። ውጤቱን አይቶ ዘዴ የሚመርጥ ሰው ፍተሻ እያካሄደ አይደለም፤ ለሎቱ ጥብቅና ቆሟል። ለእኔ ከክሩ ውስጥ ከባዱ መልስ ይህ ነው። ማንም አልመለሰለትም።

ሰው የመለሰው ለጭራው ነው። መልስ 8 ሲጨርስ፣ የመጨረሻው አሃዝ ልክ 5 ሲሆን ይኸው ደረጃ ወደ ተጋማሹ ቁጥር እንደሚያጠጋጋ ጠቅሶ ነበር። ከመልስ 9 እስከ 12 ያሉት ይህን ይዘው ጋለቡ። መልስ 9 ትምህርት ቤት የተማርነው 5 ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው ብሎ ተከራከረ። መልስ 10 ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ 2.5ን አጠጋጋ ሲባል ኤክሴል 3 እንደሚል፣ ፓይተን 3 ግን 2 እንደሚል ነገረን። ውጤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በፋይል ሲዛወር በድንበር ላይ ያለ ቁጥር ቀለሙን ሊቀይር ይችላል። መልስ 11 ከዚህ ጠለቅ አለ። ኮምፒውተር 0.1ን በሁለትዮሽ ቁጥር በትክክል መጻፍ አይችልም፤ 0.1 እና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ያመጣል። ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራም የላይኛውን ወሰን ራሱ ከመሃሉ ቁጥርና ከቶለራንሱ (ከሚፈቀደው ልዩነት) ደምሮ ሲያሰላ፣ ልክ ወሰኑ ላይ ያረፈ ልኬት ያለጥፋቱ ቀይ ሊሆን ይችላል። ወሰኑን በእጅ የተጻፈውን እንዳለ ማስቀመጥ ይሻላል ብሎ መከረ። ጥሩ ምክር ነው፤ ለሌላ ቀን። የዚህ ሰውዬ 25.0204 ግን ከወሰኑ የራቀው በአራተኛው ቤት ነው፤ የኮምፒውተሩ ግድፈት ያለው አሥራ ምናምነኛው ላይ ነው። መልስ 12 ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ምሳ መብላት እንደሚሻለው ጽፎ ወጣ።

ከዚያ መልስ 13 መጣች፤ ጨዋታው ተለወጠ።

የመለኪያ ክፍል ባለሙያ ናት፤ አራት መስመር እንኳ አልጻፈችም። ልኬቱ የተወሰደው በማይክሮሜትር ነው ብላ ገመተች። የተለመደው ዲጂታል ማይክሮሜትር የሚያነበው እስከ 0.001 ነው። 25.020 ይላል ወይም 25.021 ይላል፤ 25.0204 ሊል አይችልም። ታዲያ ያቺ 4 ከየት መጣች? ብላ ጠየቀች።

አሥራ ሁለት መልስ ስለ ማጠጋጋት ሲከራከር ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ? ሶፍትዌር ላይ አፍጥጠን ስንውል ቁጥር ከስክሪኑ የሚወለድ ይመስለናል መሰለኝ።

ጠያቂው በመልስ 14 ተመለሰ፤ የልኬቱን ወረቀት ከፊቱ ዘርግቷል። አምስት ሻፍት ከሎቱ ተመርጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ተለክተዋል። ንባቦቹ 25.018፣ 25.021፣ 25.023፣ 25.019 እና 25.021 ናቸው። 25.0204 የአምስቱ አማካይ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ የገባው እሱ ብቻ ነው፤ ፕላኑ የሚጠይቀው አማካዩን ስለሆነ።

መልስ 15 አልራራለትም። ከአምስቱ ሦስቱ ከወሰን ውጭ ናቸው። አንዱ በ3 ማይክሮን አልፏል። አንተ ግን የአማካዩን ጭራ ለመቁረጥ ፈቃድ ትጠይቃለህ፤ ሶፍትዌሩ የምትለውን ቢሰማህ ኖሮ ሦስት ብልሽት አረንጓዴ ለብሶ ይወጣ ነበር፣ አለው። አነጋገሩ ይጎመዝዛል፤ ሒሳቡ ግን ልክ ነው። መልስ 4 እዚህ ላይ ብቅ ብሎ፣ እሱ የተናገረው ስለ አንድ ሻፍት እንጂ ስለ አማካይ እንዳልነበረ ለማስረዳት ሞከረ። በአንድ መስመር ተመለሰለት።

መልስ 16 ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው፤ ረጅሙም እሱ ነው። የጥራት ሶፍትዌር የተለካ ውጤትን የሚመዝንበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም ይላል። አንዱ መንገድ አማካዩ ወሰን ውስጥ ነው ወይ ብሎ ማየት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ንባብ ከወሰን ጋር አወዳድሮ ስንቱ ከውጭ እንደሆነ መቁጠር፣ ቁጥሩ ከተፈቀደው ሲበልጥ ሎቱን መጣል ነው። ሦስተኛው አማካዩንና መበታተኑን አብሮ ያያል። ከላይኛው ወሰን አማካዩ ተቀንሶ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ለመበታተኑ መለኪያ) ይካፈላል፤ ውጤቱ በዓለም አቀፉ የናሙና ፍተሻ ደረጃ፣ በአይኤስኦ 3951፣ ሠንጠረዥ ላይ ካለው ቁጥር ካነሰ ሎቱ ይወድቃል። ይህ ግን ልኬቶቹ በደወል ቅርጽ የሚበተኑ ሲሆን ብቻ ነው የሚሠራው። አራተኛው ደግሞ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ሰውየው ራሱ እንዲፈርድ መተው ነው። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የናሙና አወሳሰዱ ላይ የተመረጠው ሕግ ነው፤ ውጤት አስገቢው ላያየው ይችላል። የጠያቂው ፕላን የመጀመሪያው ተመርጦበታል። ያ ነው ጉዱ።

መልስ 16 በዚያው ሌላም ነገር ለየ። የአንዱ ባህሪ ቀይ ወይም አረንጓዴ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሎቱ ይለፍ ወይስ ይመለስ የሚለው ሌላ። ሁለተኛው የሰው ፊርማ ያለበት ውሳኔ ነው። ሶፍትዌሩ ቀይ ስላደረገ ብቻ ሎቱ አይጣልም፤ አረንጓዴ ስላደረገም አያልፍም።

መልስ 17 ለአማካይ ጠበቃ ቆመ። ከአንድ ጋን የተቀዳ ፈሳሽ ወይም በደንብ የተደባለቀ ዱቄት ከሆነ፣ አምስቱም ናሙና የሚናገረው ስለ አንድ ነገር ነው። እዚያ አማካይ መውሰድ የመለኪያውን መንቀጥቀጥ ያጠራል እንጂ የሚደብቀው ብልሽት የለም። ትክክል ነው። ሻፍት ግን በአማካይ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀዳዳ አለው። አንድ ሻፍት አምስት ቦታ ቢለካ እንኳ ያው ነው። አማካዩ ሻፍቱ አንድ ጎኑ መወፈሩን ይሸፍናል፤ መታየት ያለበት ትልቁና ትንሹ ንባብ ነው።

መልስ 18 ናሙናው ትንሽ ነው አለ። በአይኤስኦ 2859-1፣ በሁለተኛው የፍተሻ ደረጃ፣ ከ501 እስከ 1200 ፍሬ ላለው ሎት የናሙናው መጠን 80 ነው። ተቀባይነት ያለው የጥራት ወሰን 1.0 በመቶ ከሆነ ሁለት ብልሽት ይፈቀዳል፣ በሦስት ይወድቃል። አምስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ጠያቂው አልመለሰም። መልሱን ሳንሰማም እናውቀዋለን፤ ከድሮው ፕላን ተቀድቶ ነው።

መልስ 19 ሒሳብ ይወዳል። ለአምስቱ ንባቦች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አወጣ፤ 0.00195 አካባቢ። ከዚያ ሲፒ (የወሰኑ ስፋት ከመበታተኑ ጋር ሲነጻጸር) 3.4 ግድም ሆነ፤ ይህ እጅግ ጥሩ ነው። ሲፒኬ (አማካዩ ለቅርቡ ወሰን ምን ያህል እንደቀረበም የሚያየው) ግን ከዜሮ በታች ወረደ፣ 0.07 በመቀነስ ምልክት። ማሽኑ ሻፍቶቹን እጅግ ተቀራራቢ አድርጎ ይሠራል፤ የሚሠራቸው ግን በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። መልስ 20 በአምስት ፍሬ ሲፒኬ አይወራም ብሎ ገሠጸው፤ ቁጥሩ ከሎት ሎት ይዘልላል አለ። መልስ 19ም ተቀበለው። አቅጣጫው ግን አይስትም ሲል ጨመረበት። አምስቱም ከመሃሉ በ20 ማይክሮን ግድም ወደ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። በአጋጣሚ እንዲህ አይሆንም።

እዚህ ላይ የቶርኖ ሰዎች ገቡ። መልስ 21 መፍትሔው ቀላል ነው፣ የመቁረጫውን ኦፍሴት (የቦታ ማስተካከያ ቁጥር) በ0.02 ወደ ውስጥ አስገባ አለ። መልስ 22 ተው! ብሎ አስቆመው። አንዳንድ ማሽን በዲያሜትር ነው የሚሰጠው፣ አንዳንዱ በራዲየስ። በራዲየስ በሚሠራው ላይ 0.02 ካስገባህ ዲያሜትሩ በ0.04 ይቀንሳል፤ ከላይኛው ወሰን ሸሽተህ የታችኛው ላይ ትወድቃለህ። ሁለቱ ስለ ማሽኖቻቸው ትንሽ ተጫወቱ። ስለ ሶፍትዌር የሚያወራ ሰው ጠፋ።

መልስ 23 ሁለቱንም አቋረጣቸው። መልስ 13ን የጻፈችው ሴት ናት። ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት መለኪያውን እዩ አለች። 25.02ን ለመለካት ከ25 እስከ 50 የሚለካው ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ መንጋጋው ተገናኝቶ ዜሮ አይደረግም፤ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ማስተካከያ ዘንግ ነው የሚስተካከለው። ዘንጉ ከቆሸሸ፣ ወይም ጠዋት ያስተካከለው ሰው ዘንጉን አጣሞ ከያዘው፣ ቀኑን ሙሉ የሚወጣው ንባብ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሳሳታል። ቅርርቡ እንዳለ ሆኖ፣ ቦታው ይስታል። የመልስ 19ን ሒሳብ መልሳችሁ እዩት አለች።

መልስ 24 ሙቀቱን አነሳ። የልኬት ማጣቀሻ ሙቀት በአይኤስኦ 1 መሠረት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ በሜትር 11.5 ማይክሮን ግድም ይረዝማል። 25 ሚሊ ሜትር ሻፍት ከማሽን ትኩሱን ወጥቶ 30 ዲግሪ ላይ ቢለካ 3 ማይክሮን ገደማ ወፍሮ ይታያል። እኛ ስንጣላበት የዋልነው 0.4 ማይክሮን ነው። ይህን ያነበበ ሰው ከመልስ 4 እስከ 12 ያለውን ፍጅት ሁሉ መለስ ብሎ ቢያይ ይስቃል። መልስ 25 በትክክል እንዲያ አደረገ፤ መልስ 4 ከፋው፤ ሁለቱ በመልስ 26 እና 27 ስለ ማን ምን ቀድሞ እንዳለ ተነታረኩ። ልለፈው።

በመልስ 28 ጠያቂው ተመለሰ። ማስተካከያውን ዘንግ አጽድቶ፣ ክፍሉ ውስጥ አሳድሮ ለካው። ማይክሮሜትሩ 25.003 አለ። ሦስት ማይክሮን አብዝቶ ያነባል ማለት ነው። ደስታው ከጽሑፉ ይፈነጥቃል። ከአምስቱ ንባብ ላይ 0.003 ሲቀነስ 25.015፣ 25.018፣ 25.020፣ 25.016፣ 25.018 ይሆናሉ። አምስቱም ወሰን ውስጥ! ስለዚህ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ ቁጥሮቹን ሊያስተካክል ነው።

መልስ 29 ጮኸበት ማለት ይቻላል። የመድኃኒቷ ሴት ናት። የተመዘገበን ውጤት በመቀነስ ሒሳብ መተካት እሷ ባለችበት ሙያ ሥራ ያሳጣል፤ የአሜሪካው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕግ፣ 21 ሲኤፍአር ክፍል 11፣ ማን፣ መቼ፣ ምን ለወጠ የሚለው ከነአሮጌው ቁጥር ተመዝግቦ እንዲኖር ይጠይቃል። ብረት ሠሪ በዚህ ሕግ ባይገዛም መንገዱ ያው ነው አለች። አሮጌው ውጤት አይሰረዝም። ውድቅ መሆኑና ምክንያቱ ይጻፋል። ማይክሮሜትሩ ይስተካከላል፤ ሻፍቶቹ እንደገና ይለካሉ፤ አዲሱ ውጤት በአዲስ መስመር ይገባል። ይህን ጊዜ አማካዩ ብቻ ሳይሆን አምስቱም። መልስ 7፣ ያ ያመናጨቃት ሰው፣ ከሥር የድጋፍ ምልክት አደረገላት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ያም አንድ ነገር ነው።

መልስ 30 ደስታውን በሌላ በኩል ቆነጠረው። ቢስተካከልም አንዱ ሻፍት 25.020 ላይ ነው፤ ልክ ድንበሩ ላይ። ማይክሮሜትር ደግሞ የራሱ የጥርጣሬ መጠን አለው፤ ያ መጠን ከወሰኑ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። አይኤስኦ 14253-1 እንደሚለው፣ ዕቃው ደህና ነው ብሎ ማረጋገጥ የሚፈልግ አቅራቢ ከሆንክ ያን የጥርጣሬ መጠን ከወሰኑ ወደ ውስጥ ትቀንሳለህ። ልመልሰው ነው የሚል ገዢ ከሆንክ ደግሞ ወደ ውጭ ትጨምራለህ። ጥርጣሬው የሚጎዳው ማረጋገጥ የፈለገውን ወገን ነው። ለጠያቂው ይህ ማለት 25.020ን ደህና ነው ብሎ በልበ ሙሉነት መላክ አይችልም ማለት ነው። መልስ 19ም ዝም ማለት አልቻለም፣ አሰላ። በተስተካከሉት ቁጥሮች ሲፒኬ 0.44 ይመጣል፤ ከማይክሮሜትሩ ስህተት ሌላ ማሽኑም 17 ማይክሮን ያህል ወደ ላይ ሸሽቷል። ስለዚህ የመልስ 21 ኦፍሴት ቁጥሩ ይቀየራል እንጂ አይቀርም።

ክሩ እዚህ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሰዎች መሰናበት ጀምረዋል።

መልስ 31 ግን አንድ ጥያቄ ወረወረ። ይህ ማይክሮሜትር ከመቼ ጀምሮ ነው አብዝቶ የሚያነበው? አይኤስኦ 9001:2015 በ7.1.5.2 ላይ፣ መለኪያ ተበላሽቶ ሲገኝ ቀድሞ የተወሰዱት ውጤቶች ተጎድተው እንደሆነ እንዲመረመር ያዛል። ከዚያም ብዙ ሰው የማያስበውን ነገር አነሳ። አብዝቶ የሚያነብ መለኪያ በላይኛው ወሰን ላይ ደህናውን ሻፍት ይጥላል፤ ያ ኪሳራ ነው፣ ግን ማንንም አይጎዳም። አደጋው በታችኛው ወሰን ነው። 24.980፣ 24.981 ወይም 24.982 ተብሎ ያለፈ ሻፍት በእውነቱ 24.977፣ 24.978 ወይም 24.979 ነው። ከወሰን ውጭ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ሄዷል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ውስጥ ግባና ከመጨረሻው ካሊብሬሽን (የመለኪያው ትክክለኛነት ፍተሻ) ወዲህ በእነዚያ ሦስት ቁጥሮች ያለፈውን ሁሉ ፈልግ አለው።

ጠያቂው በመልስ 32 የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። መፈለግ አይችልም። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው አማካዩ ብቻ ነው።

መልስ 33 የመለኪያ ክፍሏ ባለሙያ ናት። ቁጣም ምክርም አላበዛችም። የወረቀት መመዝገቢያዎቹ የት እንደሚቀመጡና መቼ እንደሚወገዱ ዛሬውኑ እንዲጠይቅ ነገረችው። ወረቀቱን ሁሉ ማንበብ የለበትም። ማሽኑ በዚህ ቅርርብ የሚሠራ ከሆነ አንድ ሻፍት ከሎቱ አማካይ ከ6 ማይክሮን በላይ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አማካዩ 24.990 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ሎት ለጊዜው ይተወው፤ ከዚያ በታች የሆነውን ከሶፍትዌሩ ያውጣና የእነዚያን ወረቀት ብቻ ያስመጣ። የፕላኑንም ሕግ ሳይውል ሳያድር ይቀይር፤ ነገ ጠዋት የሚለካው ሎትም በአማካይ ብቻ እንዳይገባ።

ጠያቂው አመስግኖ፣ የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ መሆኑን ጻፈ። መልስ 4 በሩ በምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚዘጋ ጠየቀ።